ምስሉ የጠራ ዕለት

ባለፈው የካቲት ሸዋ በር አጠገብ፣ አንዲት የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከሱቁ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ጣቢያ ያልያዘ አሮጌ ቴሌቪዥን የሚያሰማው፣ ቆርቆሮ ላይ ጤፍ ሲፈስ የመሰለ ሽሽታ። ጠጋኙ ወዲያው ቀነሰው። እኔ ግን ሚኒባሱ መጥቶ፣ ረዳቱ «ሐኪም ጋራ፣ ሐኪም ጋራ» ብሎ ተጣርቶ እስኪሄድ ድረስ ሳልሳፈር ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ድምፅ ጋር የሞቀ የቴሌቪዥን አቧራ ሽታ፣ የአይ ሩቂያ ሳቅና የወንድሜ የቢንያም «አሁንስ ጠራ?» እያለ የሚመላለስ ጥያቄ አብረው መጥተውብኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር ባለ ግቢ ነበር። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ቤቱን ያከራዩን አይ ሩቂያ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው የሚሸፍኑ ሐረሪ ሴት ነበሩ፤ «አይ» ሐረሪዎች ለእናት የሚሉት ነው፣ እኛም ከልጆቻቸው ሰምተን እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። እኛ የግቢውን ሁለት ክፍሎች ይዘን፣ እሳቸው ዋናውን ቤት ይዘው፣ ከአንድ በርሜል ውኃ እየቀዳንና አንዱ የሌላውን ልጅ እየተቆጣ አብረን እንኖር ነበር። የዋናው ቤት ሳሎን እንደ ሐረር ቤት ሁሉ ከፍ ዝቅ ያሉ፣ በቀይ አፈር የተለሰኑና ምንጣፍ የለበሱ መደቦች ነበሩት፤ ነደባ ይሏቸዋል። በነደባው ላይ ማን ከፍ ብሎ፣ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ ለትልልቆቹ የታወቀ ሕግ ሲሆን፣ ለእኛ ለልጆቹ ግን፣ ቴሌቪዥኑ ከበሩ አጠገብ ፊቱን ወደ ነደባው አዙሮ ስለተቀመጠ፣ የሲኒማ ቤት ወንበር ነበር።

ጌሙ የመጣው በክረምት ነው። የአይ ሩቂያ ትልቁ ልጅ ነጂብ ጅጅጋና ድሬዳዋ እየተመላለሰ የሚነግድ፣ ባዶ እጁን ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ በሐምሌ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ከጨርቅ ጥቅል መካከል ግራጫ ሳጥን አውጥቶ ነደባው ላይ አኖረ። ሳጥኑ ሁለት ጆይስቲክና ቢጫ ካሴቶች ነበሩት፤ ካሴቱን ከላይ ሰክቶ ማብራት ነው። ማንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ ለእኛ «ጌሙ» ብቻ ነበር። አብረውት ሁለት ገመዶች መጥተዋል፤ አንደኛው በአንቴናው ቦታ የሚሰካ ጥቁር ቀጭን ገመድ፣ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቢጫና ቀይ ራስ ያለው። የአይ ሩቂያ ቴሌቪዥን ደግሞ በእንጨት ሳጥን የተሠራ፣ አራት ሰው የሚሸከመው ሽማግሌ ሆኖ፣ ከጀርባው ያለው ቀዳዳ የአንቴናው ብቻ ስለነበረ፣ ቢጫው ራስ መግቢያ አጥቶ ከካርቶኑ ሳይወጣ ቀረ።

ስለዚህ በጥቁሩ ገመድ ጀመርን። ነጂብ አንቴናውን ነቅሎ ገመዱን ከሰካ በኋላ የጣቢያ መፈለጊያውን ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ሽሽ የሚለው ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ ቆይቶ፣ ድንገት ከጭጋግ መሐል ሙዚቃ ብቅ አለ፣ ቀጥሎም የሚሮጥ ትንሽ ሰውዬ። ደስታችን ቤቱን አናወጠው። ምስሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭጋጉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ መስመር መስመር ይሠራበታል፣ ዝናብ ሲበረታ ይንቀጠቀጣል፤ ነጂብ ገመዱን በክብሪት እንጨት ወጥሮ ቢያስረውም ሁለት ቀን አይቆይም። አንድ ቀን በአጋጣሚ፣ ገመዱን በእጁ የያዘ ሰው ካለ ምስሉ ትንሽ እንደሚሻል ደረስንበትና፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጅ ሲጫወት አንድ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቆሞ ገመድ የሚይዝበት ተራ ወጣ። ገመድ ያዡ ስክሪኑን ስለማያይ በየደቂቃው «አሁንስ ጠራ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

አይ ሩቂያ መጀመሪያ ጌሙን አልወደዱትም፤ ልጆቹን ያሳብዳል ብለው ነጂብን ተቆጡት። ከዚያ ሰውዬው ለምን እንደሚሮጥ ጠየቁ። ከዚያ ደግሞ ማን እንደሚያሳድደው። ከሳምንታት በኋላ፣ የከሰዓቱን የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጆይስቲኩን ተቀበሉኝ። ሰውዬውን ሲያዘልሉት እሳቸውም አብረው ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ፤ ጉድጓድ ሲገባባቸው «ኢናሊላሂ» ብለው ለሞተ ሰው እንደሚያለቅሱ ሁሉ ቆይተው በሻሻቸው ተሸፍነው ይስቃሉ። ክረምቱ ሳያልቅ ከልጆቹ አብዛኛውን የሚያሸንፉ ሆኑ።

ከሁላችን ደካማው ተጫዋች ቢንያም ነበር። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ለዕድሜው ረጅም፣ ኳስ ከመጫወት ይልቅ ተረት ማውራት የሚወድ ልጅ ሆኖ፣ የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ ደርሶ ሳይገባባት አያልፍም። ሲጫወት ከነደባው ወርዶ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ይጠጋል፤ እናቴ በበሩ ስታልፍ ባየችው ቁጥር «ራቅ በል፣ ዓይንህ ይጠፋል» ብላ በአንገቱ ይዛ ታስነሳዋለች፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ወዲያው ጉድጓዱ ይገባበታል። ስንስቅበት «ገመዱ ነው» ይል ነበር። ሁላችንም በገመዱ የምናማርር ስለነበርን እሱም እንደኛ የሚያማርር መሰለን።

መስከረም መጥቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ቁመቱ ስለረዘመ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጡት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ውጤቱ እየወረደ የመጣ ልጅ ነበርና፣ በኅዳር መምህሮቹ አባቴን እየጠሩ፣ ቢንያም ክፍል ውስጥ ሰውነቱ እንጂ ልቡ የለም፣ ሰሌዳ ላይ ያለውን ትቶ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ይገለብጣል ይሉት ጀመር። አባቴ የሰውን ልጅ እያስተማረ የገዛ ልጁ ሰነፍ ተባለበት፤ እንደዚያ የከበደው ነገር አይቼ አላውቅም። ጥፋቱን በጌሙ ላይ አድርጎ ከቅዳሜና እሑድ በቀር እንዳንነካው ከለከለን። ለውጥ ግን አልመጣም። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን ሰማን፤ ዓመቱ በዚሁ ካለቀ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ታላቅ ወንድሙ ልኮት እዚያ እንዲማር ወስኗል። አጎታችን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ቀልድ የማያውቅ ሰው እንደነበር ሁለታችንም በደንብ እናውቃለን።

በማግስቱ ቢንያም ብዮቹን ያስቀመጠበትን ጣሳ አምጥቶ፣ ትልልቆቹን አንድ በአንድ እየመረጠ ለእኔ ይሰጠኝ ጀመር። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ማርቆስ ብይ መጫወት አይፈቀድልኝም አለ። ተቀበልኩት፣ ግን አንዱንም አልተጫወትኩበትም።

በጥር፣ የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ላይ፣ ነጂብ የዘመዶቹን የሰርግ ካሴት ለማሳየት ከድሬዳዋ የቪዲዮ ዴክ ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን ጌሙ ከመቼውም የባሰ ደብዝዞ ነበርና፣ አይ ሩቂያ ግቢ ውስጥ አባቴን አስቁመው፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ይህን ነገር እባክዎ አንድ ይበሉልን ብለው ለመኑት። አባቴ ጌሙን እንደ ጠላት ይቆጥረው ነበር፤ አከራዩን ግን እምቢ ማለት አይችልም። ደግሞም ያልተፈታ ነገር እያየ መተው የማይሆንለት ሰው ነው። ገብቶ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከተመለከተ በኋላ ነገሩ ያዘው። ፊዚክስ የሚያስተምር ባልደረባውን ጠይቆ መጣና በምሳ ሰዓት አስረዳን፤ ጌሙ በጥቁሩ ገመድ ሲሄድ ምስሉን እንደ አንድ ጣቢያ አስመስሎ ይልከዋል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ያንን መልሶ መፍታት አለበት፣ የጌሙ ሥራ ርካሽ ስለሆነ በመንገድ ላይ ይበላሻል። ቢጫው ራስ ግን ምስሉን እንዳለ ነው የሚያመጣው። ቴሌቪዥኑ የቢጫ ቀዳዳ ባይኖረውም ዴኩ አለው፤ ጌሙን ከዴኩ፣ ዴኩን ከቴሌቪዥኑ ብናገናኝ ጥሩ አስተላላፊ መሐል ገባ ማለት ነው።

ነጂብ በዚህ አልተስማማም። በእሱ ሐሳብ ችግሩ የገመዱ ቀጭንነት ብቻ ነበር፤ ወፍራም የአንቴና ገመድ ካለ ዴክ ማድከም አያስፈልግም ብሎ እሱንም ገዝቶ አመጣ። ሁለቱ ለሁለት ቀን ተከራከሩ። አይ ሩቂያም አንዴ ለልጃቸው፣ አንዴ ለመምህሩ እየፈረዱ ክርክሩን አሟሟቁት። በመጨረሻ አባቴ፣ ክርክር ይብቃ፣ ፈተና ይሁን አለ።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ተደረገ። ጨዋታው መሐል ላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ስክሪኑ አናት ላይ የነጥብ ቁጥር አለ፤ ተፈታኙ ከነደባው ላይኛው መደብ ተቀምጦ ያንን ቁጥር ያነባል። በየትኛው ገመድ ብዙ ሰው በትክክል ካነበበ እሱ ያሸንፋል። አባቴ የፈተና ሰው ስለሆነ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይሰማ ሁላችንንም ግቢ አስወጥቶ አንድ በአንድ እየጠራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጨዋታውን ትንሽ እያስኬደ ነጥቡን ይቀይር ነበር። ያነበበ ሰው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ማየት ይፈቀድለታል።

በአሮጌው ገመድ ማንም በትክክል አላነበበም፤ እኔ ስምንቱን ሦስት፣ እናቴ ሦስቱን ስምንት አልን። በነጂብ ወፍራም ገመድ ተሻለ፣ ግማሾቻችን አነበብን፣ ነጂብም ደረቱን መንፋት ጀመረ። ቢንያም በሁለቱም ዙር ገብቶ ጭጋግ ነው ብሎ ወጥቷል፣ ያ ደግሞ ማንንም አላስገረመም። ከዚያ ዴኩ ተራው ደረሰ። መጀመሪያ ምስሉ ቀለሙን ጥሎ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መጣና ነጂብ ሳቀ፤ ግን ራሱ ነው ከዴኩ ጀርባ ትንሽ ማብሪያ መሳይ ነገር አግኝቶ የገፋት። ያኔ ቀለሙ ግጥም ብሎ ገባ። በበሩ ገብቼ ወደ ስክሪኑ ስዞር ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ጡቡ ቀይ፣ ለወራት አብሬው የሮጥኩት ሰውዬ ቀበቶ ታጥቋል። ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ አነበብኩ። እናቴ አነበበች። አይ ሩቂያ ግድግዳውን ተደግፈው ከላይኛው መደብ ጥግ ሆነው፣ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ሳይጠየቁ የደመናውን ብዛት ተናገሩ፤ ነጂብም ሽንፈቱን ተቀብሎ የአባቴን እጅ ጨበጠ።

ቀሪው ቢንያም ነበር። ገብቶ ላይኛው መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ ወደ ስክሪኑ ተመለከተና ቆየ።

«ገመዱን ገና አልቀየራችሁትም?» አለ።

ነጂብ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ የተቀለደበት መስሎት ፊቱ ጠቆረ።

«አንብብ፣ ቢንያም።»

«ጭጋግ ነው፣ አባዬ። አይታየኝም።»

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ስክሪኑን አየ። አይ ሩቂያን አየ፣ ከዚያ ወንድሜን። አንድ መደብ ውረድ አለው፣ ወረደ። አሁንም አልታየውም። ሌላ መደብ ወረደ። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ቆሟል። መደቡ አልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ወለሉ ላይ ተንፏቀቀ፣ ጉልበቱ የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ ሲነካ ብቻ ፊቱ ፈካ አለና ቁጥሩን አንድም ሳይስት አነበበ። እናቴ ሁልጊዜ በአንገቱ ይዛ የምታስነሳው እዚያ ቦታ ላይ ነበር።

አባቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት ድምፅ አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚታይህ?»

«እንዴት?»

«የሩቁ ነገር ሁሉ፣ እንደ ጭጋግ።»

ቢንያም ጥያቄው ግር አለው። ወደ እኔ ዞሮ፣ መልሶ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ሁሉም ሰው እንደዚህ አይደል እንዴ የሚያየው?» አለ።

«መምህር» አሉ አይ ሩቂያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ይህ ልጅ ሰሌዳውን እንዴት ሲያነበው ኖረ?»

አባቴ የቢንያምን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋው፣ ብዙም ቆየ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች፤ እኔ ደግሞ የጠቅላላው ነገር ትርጉም ገና አልገባኝም ነበርና፣ ደብረ ማርቆስ ቀረ ማለት ነው ወይ ብዬ ነጂብን በሹክሹክታ ጠየቅኩት፣ እሱም የቀረ ይመስለኛል አለኝ።

በሳምንቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ ሐኪሙም ልጁ የቅርቡን በደንብ የሚያይ፣ የሩቁን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አጥርቶ አይቶ የማያውቅ መሆኑን ነገራቸው። መነጽሩ አዲስ አበባ ተሠርቶ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ በመጣ ሰው እጅ የደረሰን የበልግ ዝናብ በጀመረበት በመጋቢት ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ጆሮው ላይ የሚከብድ መነጽር ነበር። እናቴ ሰውዬውን ልንቀበል ሁለታችንንም ይዛ ወጥታ ስለነበር መንገድ ላይ አደረገችለት፣ ከዚያ እስከ ቤት ያለው መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የፋርማሲውን፣ የጸጉር ቤቱን፣ የልብስ ሰፊዎቹን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ያነበበውን ተመልሶ እንደገና እያነበበ ሄደ። ግንቡ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እማዬ፣ ድንጋዮቹ ለየብቻ ናቸው» አላት።

እድሜውን ሙሉ ከግንቡ ሥር የኖረ ልጅ ግንቡ አንድ ወጥ ጭቃ መስሎት ነበር። እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር፣ የትኛው እንደሚበልጥ ግን እሷም አታውቅም። እሱ የጀጎልን ድንጋይ በጣቱ እየነካ፣ ከማዶ ሐኪም ጋራ ላይ ያሉትን ቤቶች ለእኔ እያሳየ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የማያቸውን ነገሮች እንደ አዲስ ዜና ሲነግረኝ፣ አዎ አውቃለሁ ማለት አሳዘነኝና ሁሉንም ተደንቄ ሰማሁት።

ትምህርት ቤት ልጆቹ «አራት ዓይና» ብለው ቀለዱበት። ቤት መጥቶ ሲናገር አባቴ ከልቡ ሳቀና፣ በእኛ አገር በጎጃም አራት ዓይና የሚባለው መጻሕፍቱን ሁሉ የጨረሰ ታላቅ ሊቅ ነው፣ ስሙን ሳትሠራበት ሰጥተውሃልና ተቀበላቸው አለው። ቢንያም ይህን ክፍል ውስጥ ከተናገረ በኋላ ስድቡ ጣዕሙን አጥቶ ቀረ። አባቴ ራሱ ሄዶ የፊት ረድፍ አስያዘው። በሰኔ ቢንያም ከክፍሉ መሐል ላይ ሆኖ አለፈ፤ አንደኛ የወጣ ይመስል አባቴ ዶሮ ገዛ፣ አይ ሩቂያም በበኩላቸው ሙሉ ሳህን ሐልዋ ይዘው መጡ። ስለ አጎታችን ቤት ሁለተኛ የተናገረ የለም። እኔም ብዮቹን በጣሳ ሞልቼ መለስኩለት፤ ቆጥሯቸው ነበር።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ራሱ ከቢንያም ጋር ለመጫወት ነደባው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እጁ ቾክ እንጂ ጆይስቲክ አያውቅምና ሁልጊዜ ይሸነፋል፣ መሸነፉን ግን የወደደው ይመስለኛል። ዴኩ ተወዳጅ ዕቃ ስለነበር ለሰርግ በተዋሱት ቁጥር ወደ ጥቁሩ ገመድ እንመለሳለን፣ ጭጋጉም ይመለሳል፣ ሁላችንም ማማረር እንጀምራለን። ያኔ ቢንያም መነጽሩን አውልቆ ኪሱ እየከተተ፣ ለእኔ ምንም ልዩነት የለውም ይለን ነበር።

አይ ሩቂያ ካረፉ ቆይተዋል፣ አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ እኛም ከጀጎል ወጥተን አዲሱ ከተማ ከገባን ዓመታት ሆኑ። ቢንያም አዳማ ይኖራል፤ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሩቅ ነገር ሲያነጣጥር ይውላል። ለገና ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሰነበተ። የእሱ ልጅና የእኔ ልጅ ግድግዳው ላይ ካለው ቀጭን ቴሌቪዥን ጋር ጌማቸውን በአንዲት ገመድ ሲያገናኙት፣ ድምፁም ምስሉም በዚያችው ገመድ፣ እኔ ዞር ከማለቴ ኩልል ብሎ መጣ። የልጄ ዓይን ትምህርት ሳትጀምር ነው የተመረመረው፤ ጤና ጣቢያ ወስጄያት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ፊደሎች አንብባ፣ ከመቀመጫዬ ሳልደላደል ጨርሰን ወጣን። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። በእኛም ጊዜ እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ ያ ሁሉ ዓመት ባልባከነበት ነበር።

ቢንያምና እኔ ከኋላቸው ቁጭ ብለን አየናቸው። ሁለቱ ልጆች ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ከሰዓቱን ሙሉ ተጫወቱ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። እኛ ከጨዋታው ጊዜ ግማሹን ያሳለፍነው ገመድ በመያዝና፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሆነን የሌላው ሰው ዓይን የሚያየውን በመጠየቅ ነበር፤ ያንን ጊዜ እንደ ጠፋ ቆጥሬው አላውቅም።